ውሃ የሌለበት ፕሮግራም

የእህቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው። ቀኑን የማስታውሰው ማክሰኞ ማክሰኞ የሳይንስ ደብተር ሰብስቤ ወደ ቤት ስለምወስድ ነው። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አርማለሁ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ሻይ ትጠጣለች። ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጫል።

«እታለም፣ እጅሽ ምን ሆኗል?» አልኳት።

«ረሃብ ነዋ! ጾም እኮ ነው ቲቸር፣ ረሃብ አለበት።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔም ወደ ደብተሮቼ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲገባ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ጁባ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት፤ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፣ አሁንም ናት። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሳለች ታመመች። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። ከሳምንት በላይ ሳትተኛ፣ እየሳቀች፣ እያወራች፣ የሆቴሉን እንግዳ ሁሉ ወንድሜ እያለች ቆየች። የሥራ ባልደረቦቿ በአውሮፕላን አሳፍረው አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ ስትደርስ ደግሞ ሁሉም ነገር ተገለበጠ፤ ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋዋ አልወረደችም። የአእምሮ ሐኪም አየቻት፣ የበሽታውን ስም ነገረችን፣ ሊቲየም የሚባል ኪኒን አዘዘችላት። ቀስ በቀስ ተነሳች። ወደ ጁባ ልመለስ ስትል እናታችን «ብቻሽን አትሄጂም» አለች። እኔ ያን ጊዜ ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ እፈልግ ነበር። አብሬያት መጣሁ፤ ካቶር በሚባል ሰፈር በአንድ የግል ትምህርት ቤት አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ማስተማር ጀመርኩ፤ ሙኑኪ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። እንግዲህ የመጣሁት ላስተምር ብቻ አይደለም። ልጠብቃት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ መናገር አለብኝ፤ ቀጥሎ የማወራውን ሰምቶ ጥፋቱን ሁሉ በጸሎትና በጾም ላይ የሚጭን ሰው አይጠፋምና። እህቴ በእነዚያ ሦስት ወራት ፊቷን አትታጠብም፣ ስንጠራት አትመልስም። ግን ጠዋት ጠዋት ከትራሷ ሥር የጸሎት መጽሐፏን ታወጣ ነበር። አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር። የቀኑ ሥራዋ እሱ ብቻ ነበር። ኪኒኑ እስኪሠራ ድረስ እሷን ከእኛ ጋር ያቆየ ያ መስመር ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ጾም ሲገባ አዲስ አበባ ያሉት የንስሐ አባቷ «አንቺ ታማሚ ነሽ፣ ዘንድሮ አትጾሚም» አሏት። ለእሷ ብለው ነው፤ ሥርዓቱም ይፈቅዳል። እሷ ግን ቁርስ በቀረበላት ቁጥር ታለቅስ ነበር። በኋላ ምክንያቱን ነገረችኝ፦ «ሐኪሟ በሽተኛ ነሽ ስትለኝ አላመንኩም። ቤቱ ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻዬን እንቁላል ስበላ ነው ያመንኩት።»

ስለዚህ ዘንድሮ መጾም ለእሷ መዳን ማለት ነበር። ጁባ ላገኘቻቸው አዲስ የንስሐ አባቷ ስለ ኪኒኑ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቢያውቁ እሳቸውም እንዳትጾሚ ይሉኛል ብላ ፈራች። ለሐኪሟም ስለ ጾሙ አልነገረቻትም። እኔ ሁለቱንም አውቅ ነበር። የረዳኋትም እኔ ነኝ።

እንዴት እንደረዳኋት ላስረዳ። ኪኒኑ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ ጠዋትና ማታ። በጾሙ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እህልም ውሃም የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ምግብ የለም፤ ስለዚህ ኪኒን የለም። ችግሩ ይህ መሰለኝ፣ መፍትሔውም ቀላል መሰለኝ። በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። የጠዋቱን ኪኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አዛወርኩ፣ የማታውን ወደ ምሽቱ አራት ሰዓት። የሥራ ቀናቱን በሰማያዊ፣ ቅዳሜና እሑድን በቀይ ቀለም ጻፍኩ፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት ጠዋት መብላት ስለሚቻል ኪኒኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወረቀቱን ከበሩ ጀርባ ለጠፍኩት።

እህቴ አይታ ሳቀች። «አንቺ እኮ ለጳጳሱም ፕሮግራም ታወጪለታለሽ።»

«አንዲት ኪኒን ሳትዘለል፣ አንዲት ቀን ሳትገደፍ» አልኳት።

በጣም ኮርቼ ነበር። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ እህቴን ትከታተል ለነበረችው ነርስ በቴሌግራም ላክሁላት። እውነቱን ለመናገር የላክሁት ልጠይቃት አይደለም። ጎበዝ እንድትለኝ ነው። መልስ አልመጣም። እኔም ረሳሁት።

በጁባ ዐቢይ ጾም የሚውለው ሙቀቱ ሰው በሚያሳብድበት ወቅት ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ጀምሮ የቤታችን ቆርቆሮ ሲንጣጣ ይሰማል። የውሃ ቦቴ ሲያልፍ ልጆች ከኋላ የሚንጠባጠበውን ሊነኩ ይሮጣሉ። እህቴን ያ ኪኒን ድሮም ውሃ ያስጠማታል፤ ሌላ ጊዜ ከእጇ ኮዳ አይለይም። አሁን ግን ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። «ጥማቱን ነው የምሰጠው» አለችኝ አንድ ቀን። «ረሃብማ ማንም ይችላል።»

ከዚያ ነው እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ አስመለሳት። ተቅማጥም ነበራት። ማክሰኞ ስትራመድ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ የግቢያችንን በር ስታልፍ ትከሻዋ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ረቡዕ ስልክ ስታወራ ምላሷ ተያያዘ፤ እንደ ሰካራም ቃላቱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እኔ ወባ ነው አልኩ። ወባ መሆኑን ሳልጠራጠር ክሊኒክ ወሰድኳት። ደሟን አዩና ወባ የለም አሉ። ኪኒን ትወስዳለች ወይ ብለው ሲጠይቁ እሷ ቀድማ «አልወስድም» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ እማማ ይገባሉ። እማማ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ጁባ ብዙ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ይህን የምንኖርበትን ቤት ያገኙልን እሳቸው ናቸው፤ እህቴ ያኔ ስትታመም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኟትም እሳቸው። በጾሙ የሥራ ቀናት እህቴ ከሆቴል የምሳ ፈረቃዋን አስለውጣ ቅዳሴ ትሄድ ነበር፤ ከእማማ ጎን ትቆማለች። ረቡዕ ዕለት ስትሰግድ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል።

ማታ ቤታችን መጡ። እኔን ወደ ውጪ ጠሩኝ። «አትደንግጪ» አሉኝ። «ያ ያኔ የያዛት ነገር እኮ አልለቀቃትም ነበር። ተደብቆ ነው። አሁን ጾሙ አቃጠለው።»

«እማማ፣ ያኔ የታመመችው የአእምሮ በሽታ ነው፤ ሐኪም—»

«ሐኪም ሐኪም አትበይብኝ። ልብ ብለሽ አይተሻል? ሰኞ ይጀምራታል፣ ዓርብ ይብሳል። ቅዳሜና እሑድ ዝም። ለምን? ሰንበትን ፈርቶ!»

ይህን ሲሉ ደነገጥኩ፤ እውነት ነበርና። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እሑድ እሑድ እጇ ይረጋጋ ነበር። ሰኞ እንደገና ይጀምራል። እኔ የሳይንስ አስተማሪዋ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛሁ ያላየሁትን እማማ አይተውታል። ያዩት ልክ ነው። ምክንያቱን ነው የሳቱት። እኔ ደግሞ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«ይህ ሳምንት መጻጉዕ ነው» አሉኝ፤ በክርስቶስ ቃል ከአልጋው የተነሳው በሽተኛ የሚታሰብበት ሳምንት ማለታቸው ነው። «በዚህ ሳምንት ይለቃታል። አንቺ ብቻ ልቧን አታድክሚ።»

እህቴ በመስኮቱ ሰምታ ነበር። ስገባ ዓይኗ በርቷል። የዚያን ያህል ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ እጇ ግን ጉልበቷ ላይ አልቀመጥ ብሎ ይዘላል። «ሊወጣልኝ ነው» አለችኝ፣ ቃሉን እየጎተተች። «ከዚህ በኋላ ኪኒኑም አያስፈልገኝም።»

እየባሰባት በሄደ ቁጥር ደስ እያላት ነበር። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ሐሙስ በሙቀቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ቀደም ብሎ አሰናበተ። መምህራን ክፍል ውስጥ ስልኬን ስከፍት የነርሷ የድምፅ መልእክት ገብቷል። «ይቅርታ» ትላለች፤ «ወሊድ ላይ ነበርኩ፣ ቴሌግራሜን ዛሬ ነው የከፈትኩት። ፕሮግራሙ ሲታይ ያምራል።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ግን ቆይ፣ ውሃውስ? ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ትጠጣለች አይደል? ጁባ ይሞቃል ሲባል ነው የምሰማው። እባክሽ፣ እጇ ይንቀጠቀጣል? ያስመልሳታል? ምላሷ ይያያዛል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ኪኒኑን አቁሚ፣ ውሃ እየሰጠሽ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሻት።»

ሦስቱንም በተራ ጠርታቸዋለች። በተራ ተፈጽመዋል።

ሊቲየም እንደ ጨው ያለ ነገር ነው። በደም ውስጥ ልክ አለው፤ ካነሰ አይሠራም፣ ከበዛ መርዝ ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ኪኒኑን ማስወጣት ትቶ ይይዘዋል። ቅዳሜና እሑድ እጇ የሚረጋጋው በእነዚያ ቀናት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ስለምትጠጣ ነው። እኔ ለስድስተኛ ክፍል ሙሙት የማስተምር ሰው ነኝ። ጨው የሟሟበትን ውሃ ፀሐይ ላይ አስቀምጠን ሲጎድል ቅመሱት እላቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ይህን አውቃለሁ። በዚያ ላይ ሁለቱን ኪኒኖች በጥቂት ሰዓት ልዩነት አቀራርቤአቸዋለሁ። ሐኪሟ ያኔ በር ላይ ቆማ «ውሃ በብዛት ጠጪ» ማለቷም ትዝ አለኝ። ሐኪም ለሁሉም ሰው የሚለው ነገር ነው ብዬ አልጻፍኩትም ነበር።

ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገዝቼ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ያዝኩ። «ጉዋም ጉዋም!» እያልኩ የሹፌሩን ትከሻ እደበድባለሁ፤ ፍጠን ማለቴ ነው። «ማሌሽ ኡስታዛ» ይለኛል፣ ይቅርታ መምህርት ማለቱ ነው፤ «ሞተሩም ሞቆታል።»

ሆቴል የለችም። ቅዳሴ ሄዳለች አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ስምንት ሰዓት ነበር። እህቴ በሴቶች በኩል፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር መሬት ላይ ናት። ሰግዳ መነሳት አቅቷት እማማ ከጀርባዋ ደግፈዋታል። ሦስት አራት ሴቶች ከበዋታል። ጫማዬን እንኳ ያወለቅኩት መሀል ደርሼ ነው። ጎንበስ ብዬ ፊቷን ያዝኩ። ቆዳዋ ደርቋል፤ በዚያ ሙቀት ላብ የላትም።

«እታለም፣ ውሃ ጠጪ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት።»

«አንድ ሰዓት ቀረኝ።»

«አራት ሳምንት የቻለች አንድ ሰዓት ያቅታታል?» አሉ እማማ። «አትፈትኛት፣ ልጄ። እየለቀቃት ነው፣ አታቋርጪው።»

«እማማ፣ የሚለቅ ነገር የለም። ኪኒኑ ነው የመረዛት!»

«የምን ኪኒን?»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን አልረሳውም። ዓመት ሙሉ የደበቀችውን በቅዳሴ ሰዓት፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት አወጣሁት። «የራስ ምታት ነው እማማ» አለች፤ «ራስ ምታት» የሚለውን ቃል ግን መጨረስ አልቻለችም።

«እሺ፣ አዲስ አበባ እኮ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል!» አልኩ። ጁባ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ውሸት አልነበረም።

አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። «እንደሱማ ከሆነ በቻይና ሰዓት ቁርሳችንን በልተን እንመጣ ነበር።»

«ጾሙን የያዝነው በጁባ ፀሐይ ነው» አሉ እማማ፣ ሳይስቁ።

እህቴ እጄን ያዘች። የያዘችኝ እጅ ይዘላል። «አባ ካሉኝ እጠጣለሁ» አለች። «ሂጂ ጠይቂያቸው።»

አባ፣ የጁባው የንስሐ አባቷ፣ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው፣ ይቀድሳሉ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አያገኛቸውም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ራሷ ደህና ብትሆን ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር። በሩ ድረስ ሄድኩ። ቆምኩ። ዜማው ይሰማል፣ ዕጣኑ ይሸታል፣ የሚያየኝ ሰው የለም። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ተመለስኩ።

«በዲያቆኑ አስጠይቄ ነበር» አልኳት። «ትጠጣ ብለዋል።»

«አባ?»

«አባ።»

ከእኔ ውሸት ሰምታ አታውቅም። አማተበችና አፏን ከፈተች። የመጀመሪያውን ጉንጭ አስመለሳት። ሁለተኛውን ዋጠች። እማማ አባ ካሉ ብለው ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ያጠጧት ጀመር፤ ቀስ እያሉ፣ በነጠላቸው አገጯን እየጠረጉ።

በሹፌሩና በእኔ መካከል አድርገን በአንድ ቦዳ ሐኪም ቤት ወሰድናት። እዚያ የተቀበለችን ነርስ አዲስ አበባ ያደገች የደቡብ ሱዳን ልጅ ነበረች። ታሪኩን ሳልጨርስ ራሷን ያዘች። «ሞያ፣ ውሃ ሳትጠጣ? በዚህ ሙቀት? እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችኋል?» አለችኝና ግሉኮስ ልትተክል ሮጠች። የኪኒኑን መጠን የሚለካ መሣሪያ አልነበራቸውም። ኩላሊቷን መረመሩ፤ ደክሟል ግን አልቆመም አሉ። ዶክተሩ አዲስ አበባ ካለችው ሐኪሟ ጋር በስልኬ እየተነጋገረ ሦስት ጊዜ ኔትዎርክ ተቋረጠ። በሦስተኛው «ዛሬ ባትመጡ ነገ ከእኛ አቅም በላይ ትሆን ነበር» አለኝ።

በማግስቱ አባ ሊጠይቋት መጡ። ምላሷ በመጠኑ ተፈትቶ ነበር። ከትራሷ ቀና ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባ፣ ስለ ፈቀዱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ባይፈቅዱልኝ አልጠጣም ነበር።»

አባ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ዝም ቢሉልኝ ብዬ ተመኘሁ።

«እኔ አልፈቀድኩም» አሉ። «የጠየቀኝ የለም።»

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እንደ እኔ ነገሩን ከሥሩ የሚጠይቁ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። «ሐኪሟ መጾሟን ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም ነበር።»

«እኔም ትናንት እስክሰማ ድረስ ኪኒኑን አላውቅም ነበር። ታዲያ ሁለቱንም የሚያውቀው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ከበድ ይላል» አሉ። ከዚያ የሐኪሟን ስልክ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ድረስ እንዲሰማ ይመስል እየጮኹ ማውራት ጀመሩ። «ዶክተር፣ ከሥጋና ከወተት ብትከለከል ይጎዳታል? … አይጎዳትም። ውሃስ? … ስንት? ሦስት ሊትር? በቀን? እኔ በሳምንት አልጠጣም!» ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። እህቴ አልዞረችም፣ ግን ጀርባዋ ሲያዳምጥ ይታየኝ ነበር።

ስልኩን ሲዘጉ ከግድግዳው በኩል ድምፅዋ መጣ። «ታዲያ በሽተኛ ነኝ ማለት ነው?»

«መድኃኒት የምትወስጂ ሰው ነሽ» አሉ። «የጾም ምግብሽን ትበያለሽ፣ ውሃሽን ትጠጫለሽ። ስግደት የለም።»

«ሰው ሲያየኝስ?»

«ያይሻል።»

አባ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ እኔን ቆም አድርገው «በእኔ ስም መዋሸትሽን ከቅዳሴ በኋላ መጥተሽ ትናዘዢያለሽ» አሉኝ። «ለእሷ ግን እኔ ልናዘዝልሽ አልችልም።»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ሳመጣ ትበላለች፣ ውሃ ስቀዳ ትጠጣለች፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ከኪኒኑም ከጾሙም ይልቅ የፈራሁት ይህን ዝምታ ነው፤ ያኔ የታመመች ጊዜ የወረደችበት ዝምታ ይመስል ነበርና። በሦስተኛው ቀን ግሉኮሱን ሲነቅሉላት ድንገት ተናገረች።

«እውነቱን ብትነግሪኝ የምጠጣ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም» አለች። «ግን ከአሁን በኋላ አንቺ አባ እንዲህ አሉ፣ ሐኪሟ እንዲህ አለች ስትዪኝ እንዴት ነው የማምንሽ?»

ውሃ ልቀዳላት ብርጭቆዋን አነሳሁ።

«የሐኪሟን ስልክ ስጪኝ» አለች። «ከእንግዲህ እኔው ራሴ አወራታለሁ። አባንም እኔው እጠይቃለሁ። አንቺ መሀል አትግቢ።»

ቁጥሩን ሰጠኋት። ቤት ስንመለስ ከበሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት እኔው ቀድጄ ጣልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ኪኒኑን በአነስተኛ መጠን አስጀመረቻት። በስንት ሰዓት እንደምትወስደው አልነገረችኝም። ለማወቅ በጣም እፈልግ ነበር፤ የተከፈተ ብልቃጥ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ።

ከዚያ ስቅለት መጣ። በስቅለት ቀን ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በባዶ ሆዱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ሲሰግድ ነው የሚውለው። ውሃ ያልጠጣ ሰው መሀል ውሃ የሚጠጣ ሰው ከሩቅ ይታያል። የሚያውቋት ሴቶች ሁሉ እዚያ ናቸው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ነጠላዬን ሳነሳ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አንቺ ካቶር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሂጂ» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«እታለም—»

«ሳትጠብቂኝ።»

ሄደች። እኔ ካቶርም አልሄድኩም። ቤት ቀረሁ፣ እዚያው ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ የቻልኩትን ያህል ሰገድኩ። የቀረውን ጊዜ ስልኬን እያየሁ አሳለፍኩት። ስድስት ሰዓት። ሰባት። ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ለእማማ ልደውል ቁጥራቸውን አወጣሁና መልሼ ዘጋሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ቦዳ ልይዝ ከግቢው ወጣሁ፣ ጥግ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። የእሷ ደም ውስጥ ያለውን ኪኒን ከዚህ ሆኜ ልለካ አልችልም። ይህን እያወቁ መቀመጥ ዘጠኝ ሰዓትን ከመጠበቅ ይልቅ ረዘመብኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተከፈተ። አካሄዷን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ቀጥ ብላ ነው የምትራመደው።

ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ። ምላሴን በጥርሴ ይዤው ነበር።

«ልትፈነጂ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«አንድም ጥያቄ የለሽም?»

«የለኝም።»

እግሯን እያሸች፣ ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች። «ገና በመጀመሪያው ጉንጬ እማማ አዩኝ። ሁሉም ዞሩ። 'መድኃኒት እወስዳለሁ እማማ፤ የአእምሮ' አልኳቸው። ጮክ ብዬ። እንዲህ ጮክ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«እሳቸውስ?»

«ዞረው ሰገዱ። በኋላ ስንወጣ ጥላቸውን ሰጡኝ። ፀሐይ እንዳይነካሽ አሉኝ። አዘኑልኝ ይሁን ገብቷቸው ይሁን አላወቅኩም።»

ጥላው ከበሩ ጎን ተደግፎ ነበር፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ አንድ ዘንጉ የታጠፈ።

«ነገ መልሼ አደርሳለሁ» አልኩ።

«እኔ አደርሳለሁ» አለች።